የእናትሽ ጉድጓዶች

ልጄ፣ የኔ እናት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባለፈው ስንደዋወል ደረትሽ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲል ሰምቼ፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። "ሐኪም አይቶኛል" ብለሽኛል፤ አምኜሻለሁ። ቢሆንም ትኩስ ትኩሱን ጠጪ፣ እግርሽንም አሙቂ። ምግብሽንስ በወጉ ትበያለሽ ወይስ አሁንም ኮምፒውተሩ ፊት ተተክለሽ በብስኩት ነው የምትውዪው?

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ መውጣቱንስ ይወጣል። ሥራም አላጣሁም። ሰሞኑን የአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት ወንበሮችን እያደስኩ ነው፤ ሰው ተቀምጦ ተራ የሚጠብቅባቸውን። ብታዪያቸው ትስቂያለሽ፤ የሁሉም ስፖንጅ ያለቀው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ነው፣ መሀሉ አዲስ እንደሆነ አለ። ለካ ጥርሱን ሊነቀል የመጣ ሰው ተደላድሎ አይቀመጥም።

በስልክ የሚገናኙ አባትና ልጅ ደብዳቤ ምን አስፈለጋቸው ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ አንቺም ትስቂያለሽ፣ እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ "በል እሺ አባዬ"፣ "በይ እሺ የኔ እናት" ተባብለን ዋናውን ነገር እንዳንጠለጠልነው እንዘጋዋለን። ወረቀት ግን አያቋርጥም፤ ሰው ሲያመነታ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ፊደል ብገድፍ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነው የጻፈው ብለሽ እለፊኝ።

ነገሩ ያ ዝናብ ነው።

መሥሪያ ቤታችሁ የሚሠራው የታብሌት ጌም ውስጥ ዝናቡ የገባ ሰሞን ደውለሽ "አባዬ፣ አየኸው?" አልሽኝ። "ኔትወርኩ አስቸገረኝ" አልኩሽ። ደግመሽ ስትጠይቂኝ "ታብሌቱ ቻርጅ አልይዝ አለ" አልኩሽ። ከዚያ በኋላ ስትደውዪ አልጠየቅሽኝም። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አዲሷ የሥራ ባልደረባሽ ስታወሪኝ ቆየሽና፣ ልትዘጊው ስትይ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ "ለነገሩ ያረፈደ ዝናብ ለማን ይጠቅማል? እማዬም ተስፋ ቆርጣ ትታው ነው የሄደችው" አልሽ። እኔም "በይ እሺ የኔ እናት" ብዬ ዘጋሁት።

እውነቱ ይኸውልሽ። ኔትወርኩ ነበረ፤ ቻርጁም ነበረ። እምቢ ያለኝ ልቤ ነው። እናትሽም አልተወችውም። ሁለቱ ነገሮች ስለተያያዙ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አልጋዋን ከመኝታ ቤት አውጥተን፣ እኔ የምሠራበት የፊት ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር ያደረግንላትን ጊዜ ታስታውሻለሽ። ታብሌቱን የላክሽላት ያኔ ነው። ስለምትሠሩት ጌም ላንቺ ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ እኛ ቤት ምን ሆኖ እንደነበር ግን አታውቂም። ከሥራ ሰዓትሽ ውጪ እያመሸሽ ቁልፉንም መልእክቱንም ሁሉ ወደ አማርኛ የመለስሽው ለሷ ብለሽ እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። ጎረቤታችን ነርሷ መርፌ ልትወጋት በመጣች ቁጥር "ልጄ ናት በአማርኛ ያደረገችልኝ" እያለች ትኩራራባት ነበር። መርፌው ሲገባ እንኳ ወሬዋን አታቋርጥም።

አንድ ባዶ መስክ ሰጧት፤ መንደር አደረገችው። ቤት ሠራች፣ ዛፍ ተከለች፣ ዶሮ አረባች። ከዶሮዎቹ አንዷ አጥር እየዘለለች ብታስቸግራት "ቀበጧ" የሚል ስም አወጣችላት። ጎረቤት ሆነው ከሚኖሩት ሰዎች መሀል ደግሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የማይነሳ ሽማግሌ አለ አይደል? እሱን "አባወራው" አለችው። ምን በደልኩሽ ብላት፣ "እሱም እንዳንተ ተቀምጦ ነው የሚውለው" አለችኝ። ተቀምጬ የምውለው ሶፋ እየሰፋሁ እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም።

ቅር የሚላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰማዩ። "ሁልጊዜ ብራ! ይሄ ምን ሰማይ ነው፣ የዋሸ ሰው ፈገግታ እንጂ" ትል ነበር። አልጋ ላይ ከዋለች ጀምሮ ዝናብ ሰውነቷ ላይ አርፎ አያውቅም። ውጭ ሲዘንብ እጇን በመስኮቱ ታወጣና እርጥቡን መዳፏን ፊቷ ላይ ታሳርፈዋለች።

ከዚያ አለቃችሁ ማይክሮፎን ይዞ ወጣና "በሚመጣው ክረምት መንደራችሁ ላይ ይዘንባል" አለ። ያንን ቪዲዮ ስንቴ አስከፈተችኝ! ዝናቡን የምትሠሪው አንቺ እንደሆንሽ ስትሰማ ደግሞ አለቀላት። "ቃል ትገቢልኛለሽ?" አለችሽ፤ "ቃሌ ነው እማዬ" አልሻት። ክረምቱ መጣ፣ አለፈ። "ከአዲሱ ዓመት በፊት" አለ አለቃሽ፤ እሱም አለፈ። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። አንቺ ደውለሽ አለቃሽ ቃሉን የሰጠው እናንተን ሳይጠይቅ እንደሆነ፣ ዝናቡም ጣራውን እያለፈ ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ ሳይቀር እየዘነበ እንዳስቸገራችሁ ስትነግሪያት፣ እሷ እቴ በሳቅ ፍርስ አለች። "ታዲያ ጣራ ሠሪ ጥሩ እንጂ! እናንተ ልጆች ሳትታጩ ነው እንዴ የምትወልዱት?" ያለችሽን አትረሺውም።

ተጫዋቾቹ መሳደብ ሲጀምሩ ስድቡን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። "ደመና ነጋዴዎች" ያለ ነበር። "ዝናቡን የምትሠራው ልጅ ጃንጥላ ገዝታ ጠፋች" ያለም ነበር። ለዚህኛው ትንሽ ሳቅ አለችና ወዲያው ተቆጣች። "ጻፍ!" አለችኝ። እኔም በአንድ ጣቴ ፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩላት፤ "ልጆች፣ ዝናብ በጥሪ አይመጣም። የማታውቁትን ሰው ልጅ አትስደቡ" ብላ ነበር። አንዱ መልሶ "እማማ፣ እርስዎ የኩባንያው ዘመድ ነዎት እንዴ?" ብሎ ጻፈ። "አዎ በለው" አለችኝ። "አዎ" ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ያልሰማሽውን ልንገርሽ።

አንድ ቀን ጠዋት የሶፋ ጨርቅ ወጥሬ፣ ሚስማር በከንፈሬ እንደያዝኩ እየመታሁ ሳለ ጮኸች። ሕመሙ ተነሳባት ብዬ ዘልዬ አጠገቧ ደረስኩ። ታብሌቱን ፊቴ ላይ ደቅና "አንብብ!" አለችኝ። አነበብኩ። "በመንደርሽ አዲስ ነገር አለ፦ አካፋ" ይላል። እኔም እንደሷ ነው ያነበብኩት፤ ዝናቡ አካፋ። ሚስማሩን ተፍቼ "እሰይ!" አልኩ። ሰማዩን ስናይ ግን ያው ብራ ነው። "እኛ ሳናይ አካፍቶ አባርቶ ይሆናል፤ እስቲ መሬቱን ንካው፣ ረጥቦ እንደሆን" አለችኝ። ነካሁት። ያቺ በጌሙ ውስጥ እሷን የሆነችው ሴትዮ ከጀርባዋ አንድ ነገር አወጣችና ደጃፏ ፊት ለፊት መሬቱን ጎድጎድ አድርጋ ቆፈረችው።

ለካ የላካችሁት ዕቃ ኖሯል! መቆፈሪያው አካፋ! ስንናገራት "ፋ"ን ጠበቅ ካደረግናት ከሰማይ ትወርዳለች፣ ላላ ካደረግናት መሬት ትቆፍራለች፤ ስንጽፋት ግን አንድ ናት። አንቺ ምን ታደርጊ፤ ፊደላችን ነው።

እናትሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ነርሷ መጥታ "ምን አገኛችሁ?" ብትላት፣ "ዝናብ ብንለምን አካፋ ላኩልን" አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እቤታችን ውስጥ፣ ተብሎ የቀረ ነገር ሁሉ ስሙ አካፋ ሆነ። የቧንቧ ሠራተኛው እመጣለሁ ብሎ ሲቀር፣ አካፋ። እኔ ጨርቁን ዛሬ አነሳዋለሁ ብዬ ወለሉ ላይ ሳሳድረው፣ አካፋ። ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ "በቅርቡ ተነስተሽ ትሄጃለሽ" ሲላት፣ በትከሻው በኩል አሾልካ አየችኝና ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ብቻ "አካፋ" አለችኝ። እኔም ሳቅሁላት። ምን ላድርግ።

ይሄኔ ነው እንግዲህ ተስፋ ቆረጠች የምትዪው። እሷ ግን መቆፈር ጀመረች። ከደጃፏ ተነስታ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ዛፎቹ። እጇ ሲዝል ታብሌቱን ለኔ ታቀብለኝና "አንተ ቆፍር፣ እኔ ልጠቁምህ" ትላለች። "ወደ ቀኝ። ከዛፉ ራቅ አድርገው፣ ሥሩን ትነካዋለህ። ጥልቅ አታርገው፣ ቀበጧ ትገባበታለች። ኧረ ቀስ በል፣ ሶፋ መሰለህ እንዴ!" ይሄ ሁሉ ጉድጓድ ለምንሽ ነው ብላት "ኩሬ ነው" አለችኝ። ውሃውስ? "ልጅህ ታመጣዋለች።" ካላመጣችስ የሚል ቃል አፌን ሳልሰበስብ አመለጠኝ። ቀና ብላ አየችኝ። "እሷ ማርፈድ እንጂ መቅረት አታውቅም። ስትወለድስ እንዲያ አልነበር? ሰዉ ሁሉ መካን ብሎኝ ከጨረሰ በኋላ አይደል የመጣችው?" አለችኝና ጣቷን ወደ መሬቱ ቀሰረች። "ቆፍር።"

በስልክ ልነግርሽ ያቃተኝ ይህን ነው። ማርፈድ እንጂ መቅረት አታውቅም። አንቺን ነው ያለችው፣ ልጄ። እስከ መጨረሻው እንዲህ እያለች ነው የቆፈረችው።

ካረፈች በኋላ መንደሯን እኔ እከፍተው ጀመር። ጠዋት ጠዋት ቀበጧን አበላና ዞር ዞር ብዬ አየዋለሁ። ጉድጓዶቿ እንዳሉ አሉ፤ አፈሩ እንኳ ዳር ዳሩን እንደተቆለለ። እንግዲህ አንቺ ዝናቡ ገባ ብለሽ ስትደውዪ የልቤን ደስታ አትጠይቂኝ፤ ሊሞሉላት ነው ብዬ። ታብሌቱን ስከፍተው "አድስ" የሚል አረንጓዴ ቁልፍ ጠበቀኝ። ከሥሩ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ "ዝናብ፣ ጉምና ነፋስ ገብተዋል። የቀድሞው መንደር ወደ አዲሱ ምድር አይሻገርም" ይላል።

አይሻገርም። ቃሉን የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ስትጽፊው እኔ የማነበው አልመሰለሽም፤ እዚህ ቤት መንደር ይኖራል ብለሽም አላሰብሽም። ቁልፉን ብነካው ጉድጓዶቿን አጣለሁ። ካልነካሁት የልጄን ዝናብ ሳላየው ልቀር ነው። ታብሌቱን አጠፋሁና ሥራዬ ላይ አቀረቀርኩ። ስትደውዪም ኔትወርክ አልኩሽ።

ከዚያ ወዲህ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። መንደሯን የያዝኩላት ለሷ ብዬ ነው እል ነበር፤ ነገሩን ሳገላብጠው ለራሴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሶፋውን ጭኖ ሲመጣ "አይስጉ፣ አዲስ ይሆናል" እያልኩ ኖሬያለሁ። ጨርቁን ገፍፌ፣ ስፖንጁን አውጥቼ እስከ እንጨቱ አራቁተዋለሁ፤ ማደስ ይኸው ነው። አንዲት ሴትዮ የሟች ባሏን ወንበር አምጥታ፣ እሱ ሲቀመጥ የጎደጎደውን ቦታ በመዳፏ እየዳሰሰች ቆማ ነበር። "እመቤት፣ አዲሱ ስፖንጅ ያንን ሁሉ ያስተካክለዋል" አልኳት፤ ማጽናናቴ ነበር። አሁን ነው የገባኝ። ለሷ ወንበሩ ማለት ያ ጎድጓዳው ነበር።

ጸሎት ስቆም ነገሩን ማንሳት አሳፍሮኝ ነበር። ሰው ስንት ጭንቅ እያለበት እኔ ስለ ጌም ቁልፍ ፈጣሪን ላድክም? ግን ዝም ብዬስ ከማን ልሸሽግ ነው። በኋላ እንዲህ አልኩት፦ ጌታዬ፣ የሄደችውን አንተ ይዘሃታል፤ እኔ ጋ የቀረችው በሕይወት ያለችው ናት። የሄደችውን መውደዴ ያለችውን እንዳላይ ከጋረደኝ፣ አወዳደዴን አቅናልኝ።

ትናንት ከምሳ በኋላ መንደሩን ዞርኩት። ቀበጧን አበላሁ። አባወራውን ተሰናበትኩት፤ እንደ ልማዱ አልተነሳልኝም። በየጉድጓዱ አፋፍ ትንሽ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ "አድስ"ን ተጫንኩት። እምቢ አለ። ደግሜ ተጫንኩት፤ አሁንም እምቢ። "ይሄ ያንተ መልስ ነው ወይስ የኔ ሙጫ?" ብዬ ወደ ላይ ጠየቅሁ። አውራ ጣቴ ከሙጫና ከመርፌ ብዛት እንደ ጫማ ሶል ጠንክሮ መስታወቱ እንደ ጣት አይቆጥረውም፤ ታውቂዋለሽ። በትንሿ ጣቴ ነካ አደረግሁት። ሄደ።

አዲሱ ምድር ሣር ብቻ ነው። ሰማዩ ደግሞ ያው ብራ፤ ደመና የለ፣ ምን የለ። ጠበቅሁ። ይሄም አካፋ እንዳይሆን ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ጉድጓድ አልቆፈርኩም፤ እሱ የሷ ሥራ ነው። ታብሌቱን መደርደሪያው ላይ እንደተከፈተ ትቼው ወደ ጥርስ ሐኪሙ ወንበሮች ተመለስኩ።

አንዱን ወንበር ገልብጬ ሆዱን እየመታሁ ሳለ ነው። መጀመሪያ ነፋስ ሽው አለ። ቀጥሎ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ አድርጎ ለቀቀው። መዶሻዬን ወርውሬ ወደ ግቢ በረርኩ! ልብስ አስጥቼ ነበራ! ከገመዱ ላይ እየመነጨቅሁ በክንዴ ሙሉ ታቀፍኩት፤ "ልብሱ! ልብሱ!" እያልኩ ስጮህም ነበር መሰለኝ። ነርሷ ደጃፏ ላይ የታጠበ ፀጉሯን ፀሐይ እያስመታች ነበር። "ጋሼ፣ ምነው? ማን አባረረዎት?" አለችኝ። "ሊዘንብ ነው፣ አንቺም ግቢ!" አልኳት። እሷ ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ እኔም ቀና አልኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ የታቀፍኩትን አየች። የእናትሽን ሰማያዊ ቀሚስ፣ ያንን ነጭ ቁልፍ ያለውን። የሌሊት ልብሷን። ሹራቧን። ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲቆይ ይሻግታል፤ አንዳንዴ አጥቤ አሰጣዋለሁ፤ ሌላ ምንም አይደለም። ነርሷ ፀጉሯን ጠቀለለችና መጥታ የቀሚሱን አንድ ጫፍ ያዘችልኝ። ሁሉንም አብረን አጣጠፍነው።

ስገባ ታብሌቱ ላይ ዝናብሽ ገና እየወረደ ነበር። ወንበር ስቤ እፊቱ ተቀመጥኩ። ልጄ፣ እንዴት ያምራል! ከሣሩ ጫፍ ተንጠልጥላ፣ ልውደቅ አልውደቅ እያለች አመንትታ የምትወድቀውን ጠብታ እንዴት አገኘሻት? ነፋሱ ሲመጣ ዝናቡ ጋደል ይላል፤ ሲሄድ ቀና ይላል። ሳይቸኩል ዘነበ፣ ሳይቸኩል አባራ። ለማን ይጠቅማል ብለሽኝ ነበር። እኔን ጠቅሞኛል። ወንበሬ ላይ እስከ ጀርባው ተደግፌ፣ ተደላድዬ ከተቀመጥኩ ስንት ጊዜዬ ነበር።

የዕረፍት ፈቃድ ሲሰጡሽ ነይ። አንቺ ስትመጪ የምንነጋገረው ሌላም አለ። ልብሶቹን ቁም ሳጥኑ ውስጥ አልመለስኳቸውም፤ አልጋሽ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። የሚሆንሽን ምረጪ፤ ለቀረው ነርሷ የሚፈልጉ ሰዎች አውቃለሁ ብላኛለች፣ እኔም እሺ ብያታለሁ። ሰማያዊውን ግን አንቺ ሳታዪው ለማንም አልሰጥም። ትንሽ ትከሻው ላይ ሊጠብሽ ይችላል፤ እሱን እኔ ስፌቱን ፈትቼ አሰፋዋለሁ።

እጅሽን ፈጣሪ ይባርከው። የሠራሽው ይጽና፣ የደከምሽበት አይጥፋብሽ። የተሳደቡትንም ልጆች ዝናቡ ያርጥብልኝና ልባቸውን ያለዝብልኝ። አለቃሽን ደግሞ አፉን ከእጁ ጋር ያስታርቅለት። በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምሽ፤ በሰላም ያገናኘን።

የሚወድሽና ደጅ ደጁን የሚያይ
አባትሽ